የጉም መኪና

ዛሬም እንቅልፍ የለም። ሌሊቱን የሌላ ሰው ልጅ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ውሃ ስሞላ አነጋሁ፣ ቀን ደግሞ ተኚ ብለው ይህችን ከጣራው ሥር ያለች ክፍል ሰጥተውኛል፣ መጋረጃውን ጋርጃለሁ፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምቆጥረው ግን ሰዓት ነው። በእነሱ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከታች ያለው ስልክ ይጮኻል። ወንድሜ ተገኘ ከሞላሌ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወርዷል፣ ስልክ ቤት በር ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃ ነው። እንዴት ነሽ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው የሚባል ነገር አልፈልግም፣ ገና ሄሎ ሳይል አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ልጄን እንዳልኳችሁ ጉም ውስጥ አወጣችኋት ወይስ አላወጣችኋትም? አላወጣናትም ካለ እተኛለሁ። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት እተኛለሁ፣ ማዳም ብትፈልግ ታባረኝ። አወጣናት ካለ ግን፣ ካለ ግን እኔ እንጃ።

ከወለሉ በታች የጉሙ መኪና ይሰማኛል። ቅል ውስጥ የተዘጋባት ንብ ይመስል ይጮኻል፣ አያርፍም። ነጭ ጣሳ ነው፣ ቁመቱ ከጉልበቴ አይደርስም፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ ኤሌክትሪኩን ሲሰኩት ከውስጥ የሚሽከረከር ነገር አለው፣ ውሃውን ያነሣና በትኖ በአፉ በኩል ጉም አድርጎ ይተፋዋል። እሳት የለውም፣ አያፈላም፣ ዝም ብሎ ቀዝቃዛ ጉም። ይህን ነው ከዋናው ከተማ በባቡር ያስመጡት። ጉም! ሰው ጉም ይገዛል? እኔ የተወለድኩት ከቀየት ወዲያ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ቧጥጦ በጓሮ በኩል ሲገባብን ነው ያደግሁት። አውድማ ላይ የተከመረውን ገብስ የሚያበሰብስብን እሱ፣ በጉን ከመንጋው ነጥሎ ገደል የሚሰድብን እሱ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቤቱ እንዳይደርስ መንገድ የሚያጠፋብን እሱ። እናቴ ተናኘወርቅ ጉሙ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል በሩን ዝጉ፣ ሕፃን አስገቡ ነበር የምትለው፣ ደረት ይይዛል፣ ደረት የያዘ አይለቅም ነበር የምትለው። ሐኪም አይደለችም፣ ፊደል አትለይም፣ ግን ሰባት ወልዳ አምስት ያሳደገች ሴት ናት። እኔ ነኝ ፊደል የቆጠርኩት። እኔ ነኝ የበለጥኳት።

ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የተባለው። ኢንጂነሩ ለመንገድ ጥናት አገራችን ሲመጣ ሚስቱ ደብረ ብርሃን ቤት ይዛ ተቀመጠች፣ እኔም ገበያ ወርጄ እዚያው ቀረሁ፣ ማድ ቤታቸው ገባሁ። የልጄ አባት ቅጣው ሌላ አግብቶ ራቤል ከገባ ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራቸው አልቆ ሲሄዱ ልጃችን ሊና ለምዳሻለችና ስዊድን አብረሽን ነይ አሉኝ፣ ሁለት ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ትመለሻለሽ። ለተሥላሴን እናቴ ዘንድ አስቀምጬ ሄድኩ። አራት ዓመቷ ነበር። ስሄድ አላለቀሰችም፣ በግ ልገዛ ገበያ የምሄድ መስሏት ጥቁሩን አምጪልኝ አለችኝ። አሁን ስድስት ሞልቷታል፣ እኔም ሁለቱን ዓመት ጨርሼ ሌላ ዓመት ጀምሬያለሁ፣ ሊና አሟታል፣ ትንሽ ቆዪ ተብዬ። ትንሽ ቆዪ! ማዳም ደብረ ብርሃን ኖራ የያዘችው አማርኛ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ፣ እጠቢ፣ ቆዪ። እባክሽ የሚለውን ማንም አላስተማራትም፣ እኔም አላስተማርኳትም፣ እሱ እንኳ የእኔ ጥፋት ነው።

እዚህ አገር ብርዱ ይገድላል ብለውኝ ነበር፣ የሚገድለው ግን ድርቁ ነው። በየመስኮቱ ሥር ብረት ተክለዋል፣ በብረቱ ሆድ ትኩስ ውሃ ይዞራል፣ መስኮቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አይከፈትም፣ የቤቱ አየር እንጨት ይሰነጥቃል። የመጀመሪያው ክረምት ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ደማ፣ አፍንጫዬ ሌሊት ሌሊት ይነስረኛል፣ ትራሴን ሳያዩብኝ አጥባለሁ። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን የሱፍ ባና ይዤ መጥቻለሁ፣ አንድ ቀን በጨለማ ስገልጠው ጠጠጥ ብሎ ሰማያዊ እሳት ረጨ። በስመ አብ ብዬ ጮኼ ከአልጋው ወረድኩ። የእናቴ ባና ላይ ጋኔን ሰፈረበት ብዬ እስኪነጋ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ለማዳም ብነግራት ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች፣ አየሩ ሲደርቅ ሱፍ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። መንዝ ስንት ዘመን ሱፍ ለብሷል፣ አንድም ቀን እሳት ተፍቶብን አያውቅም።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ነው ሊና ማሳል የጀመረችው። የውሻ ጩኸት የመሰለ ሳል፣ ትንፋሽ የሚነሣ። ሐኪሙ መጣ፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ወረቀት ጻፈ፣ በሦስተኛው ቀን ይህ መኪና ገባ። ማዳም አጠገቤ ቆማ አሳየችኝ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ እንዲያው ከቧንቧ የሆነ እንደሆነ እቃው ላይ ሁሉ ነጭ ዱቄት ይነሰንሳል። ከአልጋው ሁለት ክንድ ይራቅ፣ ልጅቱ ላይ በቀጥታ አይተንፍስ። በየቀኑ ውሃው ይደፋ፣ ጣሳው በኮምጣጤ ይታጠብ፣ ሁለቴ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ፣ ያ ያልሆነ እንደሆነ ውስጡ እንደ ንፍጥ ያሟልጋል፣ ያሟለገውን ልጅቱ ትተነፍሰዋለች። መስኮቱ ካላበው፣ ግድግዳው ከረጠበ ይቀነስ፣ ይሻግታል። እጠቢ፣ ድፊ፣ ሙዪ። ራሴን እነቀንቃለሁ፣ በሆዴ ግን እነዚህ ሰዎች አብደዋል እላለሁ። ደረቷን የታመመች ልጅ ላይ ቀዝቃዛ ጉም? በመጀመሪያው ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መኪናውን ነቀልኩት። በሩን ዘጋሁ፣ ልጅቱን በባናዬ ጠቅልዬ አቀፍኳት። እናቴ የምታደርገውን ነው ያደረግሁት። ልጅቱ ባሰባት፣ ፊቷ ጠቆረ፣ ማዳም በሌሊት ልብሷ ሮጣ ገባች፣ መኪናውን ተነቅሎ ስታየው ያለችኝን አልተረጎምኩትም፣ መተርጎም አላስፈለገውም። ሰክታው እጄን ይዛ አጠገቡ አስቀመጠችኝ። ጉሙ ክፍሉን ሞላ። ቀስ እያለ የሊና ትንፋሽ ለሰለሰ። ሲነጋ ተኝታ ነበር፣ አፏን ከፍታ። አየሁ። በገዛ ዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የተበላሸሁት።

በዚያው ሰሞን የተገኘ ደብዳቤ ደረሰኝ። በጥቅምት የተጻፈ ነው፣ ወር ከምናምን በመንገድ የቆየ። አገሩ ላይ ትክትክ ገብቷል ይላል፣ ለተሥላሴንም ይዟታል፣ አትስጊ፣ እናታችን ግልገል ካላት አህያ ወተት አስልባ እያጠጣቻት ነው፣ ለትክትክ መድኃኒቱ እሱ ነው ይላል። የአህያ ወተት! ደብዳቤውን ይዤ ሊና አልጋ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ መኪናው እየጮኸ ነው፣ የማዳም ልጅ በጉም ተኝታለች፣ የእኔ ልጅ የአህያ ወተት ትጠጣለች። ተናደድኩ። ያን ዕለት የተናደድኩት በእናቴ ነው። ኩበት በሚጤስበት ቤት በር ዘግተው፣ በጎች ከታች ሲተነፍሱ፣ ልጄን በጢስ አፍነው ይገድሏታል አልኩ፣ መድኃኒቱ ደጃፋቸው ላይ እየመጣ በር ይዘጉበታል አልኩ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አልኩ፣ ተረት ሁሉ አልቀረኝም። ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። የጻፍኩትን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ የማነበው የለኝም። «ሳል የያዘው ሰው ደረቅ ቤት አይሆነውም። እዚህ አገር ትልልቅ ሐኪሞች የሚያዙት ጉም ነው፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ልጅቱን አፋፉ ላይ አውጥታችሁ አስቀምጧት፣ ደኅና አድርጋ ትተንፍሰው። እናቴ እንቢ ብትል አትስማት።»

እናቴ እንቢ ብትል አትስማት። ይህን የጻፈች እጅ ይህቺ ናት፣ ትራሱ ላይ ያለችው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ደብዳቤውን ታኅሣሥ ዐሥር ቀን ፖስታ ቤት ስሰጥ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንዲያውም በመንገድ እየዘፈንኩ ነው የተመለስኩት፣ በረዶው ላይ፣ ብቻዬን፣ ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ።

ተገኘን ደግሞ አውቀዋለሁ። መምህር ነው፣ ሞላሌ ስድስት ዓመት አስተምሯል፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፣ ከውጭ አገር የተጻፈ ከሆነማ ወንጌል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እሱ ሞኝም መምህርም ነው። ደብዳቤዬን እሑድ ቀን ቅዳሴ ሲወጣ ያነበዋል፣ ያ ልማዱ ነው፣ ለሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እናቴ መቋሚያዋን ይዛ ትሰማለች። ሕፃን ጉም ላይ? ትላለች። እታባ፣ ሳይንስ ነው ይላታል እናቱን። እሷ ትከራከራለች፣ እሱ ደብዳቤውን ያሳያታል፣ ፊደል ለማታውቅ ሴት ወረቀት ያሳያታል፣ ልጅሽ ናት ያለችው ይላታል፣ ልጅሽ። እናቴ ዝም ትላለች። እናቴ በእኔ ነገር ዝም ማለት ትወዳለች፣ ስሄድም ዝም ነው ያለችው። ጠዋት ተገኘ ልጄን አዝሏት ይወጣል። አፋፉ ላይ ድንጋይ አለ፣ ጠፍጣፋ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ተቀምጬበታለሁ፣ እዚያ ያስቀምጣታል። ጉሙ ይመጣል። ተንፍሺ ይላታል። ለተሥላሴ የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፣ ትተነፍሳለች። ወዲያው ያስላታል፣ ትንፋሹ ያጥራታል፣ እሱ ደግሞ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው ይላል። አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ነው የሚለው። አንተ! አንተ ገልቱ፣ ልጅቱ ስትንዘፈዘፍ አታይም? ዓይን የለህም? ነገር ግን ምን ብዬ ነው የምሰድበው። አትስማት ያልኩት እኔ።

ይህ ሁሉ ፍርሃት ጥር ላይ አልነበረኝም፣ ጥር ላይ ኩራት ነበረኝ። ለጥምቀት እንኳ ብቻዬን ነጭ ለብሼ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ዘምሬያለሁ። ነገሩ የፈረሰው ሦስት ሳምንት ይሆነዋል፣ ሐኪሙ ሊናን ሊያይ ተመልሶ ሲመጣ። ጣሳውን ከፍቶ ውስጡን በጣቱ አሸው፣ ንጹሕ ነው፣ ማን ነው የሚያጥበው አለ። እኔ ነኝ አልኩ። አመሰገነኝ። መመስገን ስለማላውቅ ልቤ አበጠ፣ የያዝኩትን የእንግሊዝኛም የስዊድንኛም ቁርጥራጭ ሁሉ ሰበሰብኩና ነገርኩት፣ እኔም ልጅ አለችኝ፣ እሷም ሳል፣ እኛ አገር ጉም ብዙ፣ ደጅ፣ ጠዋት፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሐኪሙ አልገባውም፣ ማዳምን አየ። ማዳም አስረዳችው፣ እያስረዳች ፊቷ ተለወጠ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ ቃል እየለየ ነገረኝ። ጉሙ መድኃኒት አይደለም። የዚህ ቤት አየር በማሞቂያ ስለደረቀ ነው እርጥበት የምንመልስለት፣ ልጅቱ ሙቅ ክፍል ውስጥ ሙቅ አልጋ ላይ ናት። ደጅ ያለ ብርዳም ጉም፣ ደረቷን ለታመመች ሕፃን፣ የለም፣ የለም አለኝ። ሁለት ጊዜ። ሁለት ጊዜ ማለት አላስፈለገውም።

ታዲያ ይህን ኅዳር ላይ ለምን አልነገርከኝም? እንዴት እንደሚታጠብ ነገራችሁኝ፣ በስንት ክንድ እንደሚራቅ ነገራችሁኝ፣ ግድግዳው እንዳይሻግት ነገራችሁኝ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ለምን የሚለውን ለእቃ አጣቢ ማን ይነግራል። ማዳም መንዝን አይታለች፣ ከባሏ ጋር በጂፕ ሞላሌ ድረስ ሄዳ ጉሙ መንገድ ዘግቶባት ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ስትንቀጠቀጥ አድራለች፣ ያን ጉም ታውቀዋለች። አንዲት ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት። ግን እኔስ? እኔ ያደግሁበትን ጉም እኔ አጣሁት? አርባ ክንድ ከሩቅ በሽታው የሚሸተኝን ጉም፣ አንድ ነጭ ጣሳ ስለተፋው አምላክ አደረግሁት። ሌላ ሰው ላይ ለመጮህ ስነሣ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ራሴን አገኛታለሁ።

ያን ዕለት ኢንጂነሩ ቴሌግራም ላከልኝ። ልጅቱን ከጉም አስገቡ፣ ቁርጡን አሳውቁኝ። እሱን ልወቅሰው አልችልም፣ ደብረ ብርሃን የሚያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ጠርቶ ነው በጭነት መኪና ሞላሌ ያደረሰው። መልሱ በስምንተኛው ቀን መጣ። ተገኘ ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ስልክ ይጠብቃል። ይኸው ነው። ሕፃኗ ደኅና ናት የሚል የለበትም። ሁለት ቃል ነበር፣ ደኅና ናት፣ ሁለት ቃል ይከብዳል? ከገና በኋላ የደረሰኝን የመጨረሻ ደብዳቤውን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት በግ መውለዱን ይነግረኛል፣ ገብሱን ዋግ እንደመታው ይነግረኛል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን መታደሱን ይነግረኛል፣ ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው ይላል። ልጆች ሁሉ። ስንት ልጅ ነው ያለኝ?

የአገሬን ሰው አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምፈራው። እኛ ዘንድ ሞት በወረቀት አይጻፍም። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ሰው ገና እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌና ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኙ ቆሞ። ሰው ካልተሟላ አይነገርም፣ ወር ይሁን ዓመት ይሁን ይደበቃል። ተሾመች የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ልጇ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ሲሞት አምስት ወር ደበቅናት። አጨዳው ይለፍ ተባለ፣ ከዚያ ጾሙ ይለፍ ተባለ፣ እሷ ለልጇ ባና የሚሆን ሱፍ ትፈትላለች፣ መንደሩ ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይላታል። እኔም እላት ነበር። ሱፉን አብሬያት አበጥሬያለሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ያ ሳቄ ያንቀኛል። ደግሞ ምን እያልኩ ነው። ልጄ ታማ ይሆናል እንጂ፣ ጉሙ አብሶባት ይሆናል፣ ተገኘ ያን ለመጻፍ ፈርቶ ይሆናል። አሟርቼ አላውቅም፣ ዛሬም አላሟርትም።

ስልኩ ጮኸ። ነይ ትላለች ማዳም ከታች፣ ነይ፣ ነይ። ደረጃውን በባዶ እግሬ ወረድኩ። ስልኩ ውስጥ ወንዝ የሚወርድ ይመስላል፣ ስልኩን የምታገናኝ ሴት ተናገሪ አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ከወንዙ ማዶ የተገኘ ድምፅ መጣ። እንዴት ነሽ እታለም፣ እንዴት ከረምሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ሥራው እንዴት ነው ይላል። በዕድሜዬ ሁሉ አንቺ ጌታነሽ ብሎ ነው የሚጠራኝ፣ እታለም ብሎኝ አያውቅም። ልጄን ጉም ውስጥ አወጣችኋት ወይ አልኩት። አላወጣናትም አለ። ድምፄ ለራሴ ስለሚመለስብኝ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ መልሱንም ሁለት ጊዜ። ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ አላወጧትም፣ እናቴ አሸንፋለች፣ እናቴ ተባረኪ እያልኩ ሳቅሁ፣ ማዳምም ስስቅ ስታየኝ ሳቀች። ሳሉስ አልኩት። ሳሉ ትቷታል አለ። ድምፅዋን አሰማኛ ልለው ስል ከኋላው ሌላ ሰው አሳለ፣ ከዚያ ቀስ በል፣ አታጣድፋት ሲል ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። አባ ወልደ ጻድቅ ናቸው፣ የንስሐ አባታችን። ሰማንያ ዘልቀዋል፣ ከደጃቸው አይወጡም። ሁለት ቀን በበቅሎ መንገድ ደብረ ብርሃን የወረዱት ስለ ጉም ሊሰሙ አይደለም።

ሳቄ ፊቴ ላይ ቀረ። አጠገብሽ ሐበሻ አለ ወይ ይለኛል ተገኘ፣ አንድም የአገር ሰው የለም ወይ ይላል፣ ቄስ የለም ወይ፣ ዛሬ እህል ቀምሰሻል ወይ። የሚያርዱኝን ሰዎች እየፈለገልኝ ነው። በስልክ ሆኖ ግራና ቀኜን የሚይዘኝ ሰው ይፈልግልኛል።

«ተገኘ፣ እዚህ ሰው የለኝም። ዛሬም የለኝም፣ ነገም አይኖረኝም። አንተው አርዳኝ።»

ደቂቃው ማለቁ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ሦስት ደቂቃ ነበር የሰጡን።

«ኅዳር ዐሥራ ሦስት ቀን» አለ። «በሚካኤል ማግሥት። እናታችን እቅፍ ላይ ናት ያረፈችው፣ ቤት ውስጥ። ደብዳቤሽ የደረሰን አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው፣ እታለም። በአንቺ ደብዳቤ አይደለም። ይህን ብቻ ያዢልኝ፣ በአንቺ አይደለም።»

አባ ወልደ ጻድቅ እግዚአብሔር ያጥናሽ ማለት ሲጀምሩ መስመሩ ተቆረጠ። ስልኩን ቦታው አስቀመጥኩት። ኅዳር ዐሥራ ሦስት። መኪናው ከሱቁ ገና አልወጣም ነበር። ሊና አላሳለችም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የነቀልኩትም፣ የሰካሁትም፣ የጻፍኩትም፣ በረዶ ላይ የዘፈንኩትም፣ ልጄ አፈር ለብሳ ነው። እነሱ ደግሞ ሦስት ወር ሁለት በግ ወለደ እያሉ ሲጽፉልኝ፣ እናቴ ለሚጠይቋት ሁሉ ጌታነሽ አልሰማችም፣ ዝም በሉ እያለች፣ አገር ሙሉ ሰው እንደ ጎረቤታችን እንደ ተሾመች አድርጎ ሲጠብቀኝ። እዚህ አገር ጎሕ ሲቀድ በሬን የሚያንኳኳ ማን አለ ብለው ነው የጠበቁት? እስክመለስ? ጥቁሩን በግ ይዤ እስክገባ?

ማዳም ከደረጃው ሥር እጆቿን አጣምራ ቆማለች። «ልጅ ደኅና?» አለችኝ። ትእዛዝ ያልሆነ አማርኛ ስትናገረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። እኛ ዘንድ ሰው ይሰበሰባል፣ ደረት ይመታል፣ አልቃሽ ስሟን እያነሣች ታስለቅሳለች፣ እናት መሬት ላይ ስትወድቅ መሬቱን የሚያካፍላት አለ። እዚህ ብጮህ ሐኪም ይጠሩልኛል፣ ክኒን ይሰጡኛል፣ ሊና ትደነግጣለች ይሉኛል። ልጄን ለእነሱ ክኒን አልሰጥም።

«ደኅና ናት» አልኳት።

እሰየው ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና ወደ ጓዳ ሄደች። ሊና ክፍል ገባሁ። ተኝታለች፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ሳሉ ከቀለላት ሳምንት ሆኗታል፣ ሳይሻላትም ጠልቻት ነበር፣ አሁንም ጠላኋት፣ እሷ ምን አደረገችኝ። ጣሳው አልቆ መኪናው በደረቁ ይጮኻል። ነቀልኩት። የቀረውን ደፋሁ፣ በኮምጣጤ አጠብኩት፣ ሁለቴ አለቀለቅሁት፣ አድርቄ ሞላሁት፣ ሰካሁት። እጄ ያለ እኔ ነው የሚሠራው። ጉሙ መውጣት ጀመረ፣ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በአንቺ አይደለም አለኝ ተገኘ። አጽናንቶኝ መሄዱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አምላኬን የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፣ ደብዳቤዬ ልጄ ላይ እንዳይደርስ፣ እሱንም ሰጥቶኛል፣ አልደረሰባትም። ልጄ ስታስል እኔ የለሁም፣ ትንፋሽ ሲያጥራት የለሁም፣ ስትቀበር የለሁም፣ በጥፋት እንኳ የለሁም። ብገድላት ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ከእጄ የወጣ አንድ ነገር፣ በሕይወት ሳለች፣ ይደርሳት ነበር።